ኬሪ ፍራንሲስ (1897 – 1966)፦ ከመማሪያ ክፍል እስከ ኳስ ሜዳ

በኢስሊ የምንኖር ቤተሰቦች በፑምዋኒ በኩል ስናልፍ፣ በዚያ ሰፈር ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመታቸውን በማስተማር ያሳለፉ አንድ ታላቅ ሰው እንደነበሩ ብዙዎቻችን አናውቅም። ስማቸው ኤድዋርድ ኬሪ ፍራንሲስ ነው። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ታሪካቸውን ለማቅረብ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ወላጆች በተገናኘን ቁጥር የሚነሳ ክርክር አለ፤ ልጅ ኳስ፣ ድራማ፣ ክበብ ካለ ትምህርቱ ይበላሻል የሚል። ፈተና ደረሰ ብሎ ልጁን ከክበብ ያስወጣ ከመካከላችን ብዙ ነው፤ እኛም አድርገነዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍራንሲስ በ1897 በለንደን ተወለዱ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመድፈኛ ክፍል በመኮንንነት አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ ካምብሪጅ ገብተው በሂሳብ ትምህርት የላቀ ውጤት አገኙና እዚያው በፒተርሃውስ ኮሌጅ አስተማሪ ሆኑ። እንዲህ ያለ ወንበር ይዞ የሚለቅ ሰው ጥቂት ነው። እሳቸው ግን በ1928 ትተውት በሚስዮናዊነት ወደ ኬንያ መጡ፤ በኪሱሙ አቅራቢያ የሚገኘውን የማሴኖ ትምህርት ቤትም ተረከቡ። ትዳር አልመሠረቱም። ቤታቸውም ልጆቻቸውም ትምህርት ቤቱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1940 ከናይሮቢ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኪኩዩ ወደሚገኘው አሊያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛወሩና ለ22 ዓመታት ርዕሰ መምህር ሆኑ። ስፖርት፣ ጽዳትና የእጅ ሥራ እንደ ሂሳቡ ሁሉ የዕለት ተዕለቱ ሥርዓት አካል ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ ከቢሮ ተቀምጠው የሚያዝዙ አልነበሩም፤ ራሳቸው ሂሳብ ያስተምራሉ፣ ኳስ ይወድዳሉ፣ ሜዳም ይወርዳሉ። በእኛ አስተያየት ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያ ስለተለጠፈ ብቻ ተማሪ ክበብ አይገባም፤ አለቃው ጊዜውን የት እንደሚያጠፋ ግን አጥርቶ ያያል። ኳሱና ቲያትሩ ፈተናውን አልጎዱትም፤ አሊያንስ በካምብሪጅ ፈተና ውጤቱ በአገሪቱ ስሙ የሚጠራ ትምህርት ቤት ነበር።

ዘመኑ ቀላል አልነበረም። በ1952 በማው ማው ትግል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1955 አሊያንስ ሲገባ ወንድሙ ጫካ ነበር፤ ለእረፍት ወደ መንደሩ ሲመለስም ቤታቸው ፈርሶ አገኘው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ግን የክርክር ክበቡም በየዓመቱ የሚቀርበው የሼክስፒር ቲያትርም አልተቋረጡም። ውጭው እየነደደ የንጉሥ ሊርን ቃል የሚያጠና የ17 ዓመት ልጅ አስቡት! ፍራንሲስ ማው ማውን ቢቃወሙም የጸጥታ ኃይሎችን ጭካኔም በግልጽ ነቅፈዋል።

ሰውየውን ግን መልአክ አናደርጋቸውም። ጥብቅ ነበሩ፤ ሥርዓታቸው እንደ ጦር ሰፈር የሚከብዳቸው ተማሪዎች ነበሩ። ሁሉ ነገር ከርዕሰ መምህሩ ሲመነጭ ተሳትፎውም አንዳንዴ መታዘዝ ብቻ ይሆናል። የዋናው መድረክ ቋንቋም እንግሊዝኛ ነበር። ሆኖም መድረክ አንዴ ከተከፈተ ማን እንደሚወጣበት አይታወቅም፤ በዚያው በ1950ዎቹ ሄንሪ ኩሪያ የተባለ የአሊያንስ ተማሪ ናኩፔንዳ ላኪኒ የተሰኘ ተውኔት በስዋሂሊ ጻፈ። ትርጉሙ እወድሻለሁ፣ ግን እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ርዕስ ጥብቁ ርዕሰ መምህር ያዘዙት አይመስለንም! ለእኛ ግን ከሼክስፒሩ ይልቅ የሥራቸው ፍሬ ሆኖ የሚታየን ይህ ነው። ልጆቻችን በአማርኛ ድራማ ሠርተው ማኅበራችን አዳራሽ ሲያቀርቡ ያየ ሰው የምንለው ይገባዋል።

ፍራንሲስ በ1962 አሊያንስን ለቀቁ። ብዙዎቹ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በነጻይቱ ኬንያ ከፍተኛ ሥልጣን ሲይዙ፣ እሳቸው ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በጡረታ አልተቀመጡም። ርዕሰ መምህርነት ሳይጠይቁ፣ በፑምዋኒ ትምህርት ቤት እንደ ማንኛውም መምህር ጠመኔ ይዘው ክፍል ገቡ። በሐምሌ 1966 እስኪያርፉ ድረስ ሥራቸው ይኸው ነበር።