የኹፉን መርከብ ዳግም የሰፉት ሐጅ አሕመድ ዩሱፍ

እ.ኤ.አ. በ1954 በጊዛ፣ ከታላቁ ፒራሚድ በስተደቡብ፣ የንጉሥ ኹፉ መርከብ ተፈታትታ የተቀበረችበት ጉድጓድ ተገኘ። 1,224 ቁራጭ እንጨት የመገጣጠሙ ኃላፊነት በቅርስ ጥገና ባለሙያው በሐጅ አሕመድ ዩሱፍ ሙስጠፋ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሐጁ የንጉሡን እናት የሔተፌሬስን የመቃብር ዕቃዎች የጠገኑ ባለሙያ ቢሆኑም፣ መርከብ ሠርተው አያውቁም ነበር። ስለዚህ በአሮጌው ካይሮና በመዓዲ ወደሚገኙት የዓባይ ጀልባ ሠሪዎች ሄደው ሙያውን ቀሰሙ፤ በመቃብሮች የተገኙትን ትናንሽ የእንጨት ጀልባዎችም መረመሩ።

ከ4,500 ዓመት በላይ ያስቆጠረን የሊባኖስ ዝግባ ለሙከራ መላግ የማይታሰብ ነው። ሐጁ ታዲያ ቁራጮቹን በአንድ አሥረኛ መጠን ቀርጸው ምስለ መርከብ ሠሩ፤ ስሕተት ቢፈጠር ጉዳቱ በእርሷ ላይ ብቻ ይቀራል። ፈተናው የመርከቧ ገላ ነበር። የዛሬ ጀልባ ሠሪ ሳንቃን በምስማር ይመታል፤ የኹፉ መርከብ ሳንቃዎች ግን ከውስጥ በገመድ የተሰፉ ናቸው፤ የገመዱ ቀዳዳዎችም ወደ ውጭ አይዘልቁም። እንዲህ ያለው ጥበብ የሚገባው ገጥሞ፣ ፈትቶ፣ አስተካክሎ እንደገና በመግጠም ብቻ ይመስለናል። ሐጁም ዋናዋን መርከብ ሳይቀር ደጋግመው ገጥመው ፈትተዋታል።

43 ሜትር ያህል የምትረዝመው መርከብ ከ10 ዓመት በላይ ከፈጀ ሥራ በኋላ ቆመች፤ በ1982 በፒራሚዱ አጠገብ ለሕዝብ ታየች፤ በ2021 ደግሞ ወደ ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ተዛወረች።