የሔለን ኬለር በጎ ተስፋ

ሔለን ኬለር በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1880 ተወለደች። የ19 ወር ሕፃን ሳለች ብርቱ ሕመም ጣላትና ዐይኗም ጆሮዋም ጠፋ። የልቧን የምትገልጽበት ቋንቋ ስላልነበራት ትጮኽ፣ ትንፈራገጥም ነበር።

በ1887 መምህርቷ አን ሰሊቫን መጣች። እርሷም በልጅነቷ በዐይን ሕመም የተሠቃየች ናት። አንድ ቀን የሕፃኗን እጅ ከግቢው የውሃ ፓምፕ ሥር አድርጋ፣ በሌላው መዳፏ ላይ ውሃ የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል በጣቷ አመለከተቻት። ሔለን ነገር ሁሉ ስም እንዳለው የገባት ያን ጊዜ ነው።

ኮሌጅም ስትገባ መምህርቷ ከጎኗ ተቀምጣ ትምህርቱን በመዳፏ ታስተላልፍላት ነበር። ገና ተማሪ ሳለች፣ በ1903፣ ስለ በጎ ተስፋ «ኦፕቲሚዝም» የተባለች ትንሽ መጽሐፍ አሳተመች። የ23 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በእኛ ዕድሜ ማለት ነው! ብዙዎቻችን በጎ ተስፋ ማለት ክፉውን አለማየት ይመስለናል (እኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር)። ሔለን ግን ክፋትንና ኀዘንን ሳያውቅ ተስፋ አለኝ የሚለውን ሰው አትቀበለውም። ዋጋውን ያልተመነ ተስፋ ለእርሷ በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ነው። ይህን የጻፈችው ጨለማውን ኖራበት ስለሆነ ማን ይከራከራታል?

በ1904 በማዕረግ ተመረቀች። ከዚያ በኋላ ለዐይነ ስውራን መብት ረጅም ዘመን ደከመች። በ1936 መምህርቷ ሞተችባት፤ ሥራዋን ግን አልተወችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዐይናቸውን ያጡትን ወታደሮች በየሆስፒታሉ እየዞረች ጠየቀች። በ1968 በ87 ዓመቷ ዐረፈች፤ ማረፊያዋም በዋሽንግተን ካቴድራል፣ ከመምህርቷ አጠገብ ሆነ።