ፍሎረንስ ቤከር፤ የሸራ ጀልባን ቤት ያደረገች ሴት

ባልና ሚስት በአንዲት ጠባብ ክፍል ሲኖሩ ዕቃው የሚቀመጥበት፣ ምግቡ የሚበስልበት፣ አንደኛው ሲታመም ሌላው የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ካልታሰበበት ኑሮው ጭቅጭቅ እንደሚሆን፣ በጎሮ ባለ አንድ ክፍል ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎጆ የወጡ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ያቺ ክፍል ደግሞ በወንዝ ላይ የምትንሳፈፍ፣ በሸራ የምትሄድ፣ በትንኝና በንዳድ የተከበበች ብትሆን ምን ይሆን ነበር? ዛሬ ታሪኳን የምንተርክላት ፍሎረንስ ቤከር ለዚህ ጥያቄ መልሱን በኑሮዋ የሰጠች ሴት ናት። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሎረንስ በ1841 ዛሬ ሩማኒያ በሚባለው አገር፣ በትራንሲልቫኒያ ተወለደች። በ1848 በተነሣው የሀንጋሪ አብዮት ወላጆቿን አጥታ ወደ ኦቶማን ቱርክ ግዛት ተሰደደች። በ1859 መጀመሪያ ሳሙኤል ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በዳኑብ ወንዝ ሲጓዝ ጀልባው በበረዶ ተጎድታበት ቪዲን ከተባለች ከተማ አረፈ። በቤተሰቡ ዘንድ ሲነገር እንደኖረው ልጅቱን ያገኛት በዚያች ከተማ የባሪያ ገበያ ላይ ለጨረታ ቀርባ ነው፤ ይዟትም ከከተማው አመለጠ። እርሱ ሚስቱ በ1855 የሞተችበት፣ የአራት ሴቶች ልጆች አባት ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተለያዩም።

በሚያዝያ 1861 ከካይሮ በሸራ ጀልባ ተነሥተው ዓባይን ሽቅብ ተጓዙ፤ የኑብያንም በረሃ አቋርጠው በሰኔ ወር አትባራ ወንዝ ዳር ደረሱ። ወንዙ በበጋው ደርቆ አሸዋ ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት እንደ ነጐድጓድ የሚያስተጋባ ድምፅ ተሰማና ሲነጋ ደረቁ ወንዝ ሞልቶ ሲፈስስ ተገኘ። ቤከርም ግብጽን የሚያለማው ደለል ከኢትዮጵያ ተራሮች በተከዜ፣ በአንገረብና በጥቁር ዓባይ የሚወርደው አፈር መሆኑን ከዚህ ተነሥቶ ጻፈ። የጎንደርና የትግራይ ገበሬ ግን አፈሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሊቅ አላስፈለገውም።

ክረምቱን ያሳለፉት ሶፊ በምትባል መንደር ነው። በዚያም ቤት በአሥር ቅርሽ ገዙ፤ የሳር ጎጆ ስለሆነ ሰዎች እንዳለ ተሸክመው እነርሱ ወደ ፈለጉት ቦታ አመጡላቸው። ጠመንጃው በግድግዳው ላይ በወግ ተሰቀለ፤ መታጠቢያውም፣ መጻፊያውም ቦታ ቦታ ተሰጠው። ከክረምቱ በኋላ በሰቲት ዳር፣ ማለትም በእኛ ተከዜ፣ ከሐምራን አዳኞች ጋር ዞሩ፤ በሰኔ 1862 ካርቱም ገቡ።

የጀልባው ኑሮ በእውነት የተፈተነው ከዚህ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 18 ቀን 1862 ከካርቱም በሦስት ጀልባዎች ተነሡ። ሁለቱ ዕቃ ጫኝ ነበሩ፤ ሦስተኛው ዳሃቢያ የሚባለው፣ በስተኋላው ክፍሎች ያሉት ነው። ዘጠና ስድስት ሰዎች፣ ሃያ አንድ አህዮች፣ አራት ግመሎችና አራት ፈረሶች አብረው ተጫኑ። ነጭ ዓባይ በዚያ በኩል ወንዝ ከሚባል ይልቅ መጨረሻ የሌለው ረግረግ ቢባል ይሻላል፤ ነፋስ ሲጠፋ ጀልባው በገመድ ይጎተታል። ጀርመናዊው አናጢያቸው ዓመቱ ሳይለወጥ በጀልባው ላይ ሞተ። ፍሎረንስ በዚህ መካከል ሕመምተኛ ታስታምማለች፣ ልብስ ትሰፋለች፣ ሳት የተባለውን አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነውን ወላጅ አልባ ልጅ መርፌና ክር አያያዝ ታስተምራለች።

ጎንዶኮሮ እንደደረሱ አሽከሮቹ አመፁ። ቤከር መሪያቸውን ሊገርፍ ሲል ከበቡት። እርሷ በንዳድ ታምማ በጀልባው ላይ ተኝታ ነበር፤ ሁከቱን አይታ ወረደችና ሰውዬው ይቅርታ ቢጠይቅ እንዲማር ለመነች። ለሁለቱም ወገን ክብር የሚጠብቅ መውጫ በዚህ ተገኘ። ኋላም በኤሊሪያ መንገድ ላይ፣ በጠላትነት ቀድሟቸው ሊያልፍ የነበረውን ነጋዴ ኢብራሂምን ባሏ እንዲያነጋግረው የገፋፋችው እርሷ ናት። ቤከር ብርቱ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ብርታቱ ብዙ ጊዜ በጡጫ የሚገለጥ ስለነበር ያለ እርሷ ከጎንዶኮሮ ያልፍ ነበር ለማለት ያስቸግረናል።

መጋቢት 14 ቀን 1864 ወደ ፈለጉት ሐይቅ ደረሱ። እርሷ በመንገድ ላይ ፀሐይ መትቷት ለብዙ ቀን ራሷን ስታ በቃሬዛ የተጓዘች፣ መቃብር ሊቆፈርላት ተዘጋጅቶ የነበረች ናት። ቤከር ሐይቁን አልበርት ብሎ ሰየመው፤ የአገሩ ሕዝብ ግን አስቀድሞ ስም ሰጥቶት ነበረ። በዚያም ሁለቱ ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ላይ አሥራ ሦስት ቀን ኖሩ። በታንኳው ኋላ ቅስት የእንጨት ማገር ተተክሎ ሣር ተከደነበት፤ በላዩም ቆዳ ተወጠረበትና እንደ ኤሊ ድንጋይ ያለች ማደሪያ ወጣችው። ከሰዓት በኋላ ማዕበል ስለሚነሣ የሚቀዝፉት በጠዋት ነበር። ቤከር አንዱን መቅዘፊያ መሪ አደረገው፤ የስኮትላንድ ጋቢውንም እንደ ሸራ ሰቀለው። ቀዛፊዎቹም በዚህ ተደነቁ።

በመልሱ ጉዞ በ1865 ከጎንዶኮሮ የተከራዩት ጀልባ ቀደም ሲል በቸነፈር የሞቱ ሰዎች የነበሩበት ነው። በፈላ ውኃና በአሸዋ ፈገፈጉት፤ በክፍሉም ውስጥ ትምባሆ አጨሱበት። ይህ ሁሉ ግን አልጠቀመም። በሽታው ተነሣና ካርቱም ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ትንሹ ሳት ሞተ።

በኅዳር 4 ቀን 1865 ለንደን ላይ በሥርዓት ተጋቡ። በሚቀጥለው ዓመት ቤከር ሰር ተባለ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ግን፣ ከጋብቻ በፊት አብረው መኖራቸውን ስለ ሰማች፣ ፍሎረንስን አላስቀርብም አለች። በዚያ ሁሉ ወንዝና በረሃ ባሏን በሕይወት ያቆየች ሴት በቤተ መንግሥት ደጅ መቅረቷ ዛሬም ያሳዝነናል።

የግብጹ ከዲቭ ኢስማኤል በ1869 ቤከርን ለባሪያ ንግድ ማጥፊያ ሹሞ ሲልከው እርሷም አብራ ሄደች። ዘመቻው አገርም ለመያዝ ስለነበረ ሕዝቡ አልወደደውም። በሰኔ 1872 ማሲንዲ ላይ ውጊያ ተነሥቶ ሠራዊቱ ማፈግፈግ ግድ ሲሆንበት ስንቅ የለም ተባለ። በዚህ ጊዜ ፍሎረንስ እህል በተረፈ ጊዜ ለማንም ሳትናገር ጥቂት በጥቂት ያጠራቀመችውን በስድስት ትልልቅ የብረት ሣጥን የሞላ ዱቄት አወጣች። ሠራዊቱ ሳይራብ ወጣ።

ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አገር በዴቮን ተቀመጡ። ቤከር ወደ ሱዳን እንዲመለስ በተጠየቀ ጊዜ እርሷ አልሄድም አለች፤ ያለ እርሷም አልሄደም። እርሱ በ1893 ሞተ፤ እርሷ በመጋቢት 1916። በሁለተኛው ዘመቻ የያዘችው የዕለት ማስታወሻ በቤተሰቡ እጅ ቆይቶ በ1972 ታትሟል።