ቬርነር ሲመንስ

ቬርነር ሲመንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1816 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሃኖቨር አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ብዙ ልጆች እንጂ ብዙ ገንዘብ ስላልነበራቸው ዩኒቨርሲቲ ሊያስገቡት አልቻሉም። እርሱ ግን ትምህርት ፈልጎ የፕሩሲያ ወታደር ሆነና በበርሊን የመድፈኞችና የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተማረ። እናቱ በ1839፣ አባቱም በ1840 ቢሞቱ ታናናሾቹን የማሳደግ ኃላፊነት በእርሱ ላይ ወደቀ። በተማረው ዕውቀት የቴሌግራፍ መሣሪያ አሻሽሎ፣ በ1847 ሃልስከ ከተባለ መካኒክ ጋር በበርሊን ትንሽ ፋብሪካ ከፈተ። ወንድሞቹም ዊልሄልም በለንደን፣ ካርል በፒተርስበርግ ሥራውን አስፋፉት። በ1866 የዲናሞን አሠራር ደረሰበት፤ በ1879 በበርሊን የኤሌክትሪክ ባቡር አሳየ፤ በ1892 ዐረፈ። የዩኒቨርሲቲ መክፈያ ያጣው ልጅ በዕውቀቱ ለብዙ አገር ሰዎች የእንጀራ በር ከፈተ።