የዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የወጣትነት ጕዞ

አንባቢ ሆይ፤ በጣርማ በር ቆመህ ቍልቍል ወደ ምሥራቅ ብትመለከት የይፋት ቆላ ተዘርግቶ ይታይሃል። በ1839፥ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፥ ክራፕፍ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በይፋት በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ አንኮበር ወጣ። ዕድሜው 29 ነበረ።

እስከዚያ ያደረሰው መንገድ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። በጀርመን ከገበሬ ቤት ተወልዶ፥ ተማሪ ሳለ በካርታ ላይ በአዳል አገር የተጻፈው ስም እጅግ ጥቂት መሆኑ አስደነቀው፤ ስለ ሐበሻ የተጻፈውንም የብሩስን መጽሐፍ ተውሶ አነበበ። አስቀድሞ የመርከብ አለቃ ለመሆን ተመኘ፤ ወጪው ግን ከአባቱ አቅም በላይ ሆነ። በ1827 ወደ ባዝል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ረቂቅ መጻሕፍት ሲያነብ ልቡ ተከፈለ፤ ለመልእክት እንዳልተጠራ ቈጥሮ ትቶ ሄደ።

ወጣት ወንድሜ ሆይ፤ ይህን እንደ ድካም አትቍጠርበት። ሌላው የሰጠውን ሐሳብ ሳይመረምሩ ከመሸከም ይህ ይሻላል እላለሁ። በቱቢንገን ትምህርቱን ፈጽሞ ረዳት ቄስ ሆነ፤ በኋላም ፊየልስቴት ከሚባል ስዊድናዊ ሚሲዮናዊ ጋር ተገናኝቶ ሲነጋገር የቀድሞ ሐሳቡ ተመለሰለት። አሁን ግን መርምሮ የያዘው የራሱ ነበረ።

ጽናቱም ተፈተነ። በ1838 ከአድዋ ተባረረ፤ ስለዚህ ነው የይፋትን መንገድ የፈለገው። በ1842 ከሸዋ ሲወጣ በወሎ ተዘረፈ። በ1844 ሚስቱንና አራስ ልጁን በሞምባሳ ቀበረ፤ ከዚያም ሳይርቅ ተቀምጦ የስዋሂሊን ቋንቋ ተማረ፥ ሰዋስዉንም በ1850 አሳተመ። በ1881 በጀርመን አገር ባልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ሞቶ ተገኘ።