ማርክ ዶናሁ፦ መኪናን በክብ መስመር የፈተነው መሐንዲስ

መኪናው ኩርባ ላይ ሲያጋድል ብዙ ሰው መፍትሔው ወፍራም ስታብላይዘር መግጠም ይመስለዋል። ስታብላይዘር ስንል ከመኪናው ስር አግድም ተዘርግቶ የግራውንና የቀኙን ጎማ እገዳ የሚያገናኘውን የታጠፈ የብረት ዘንግ ነው። ፋብሪካው የገጠመውን አውጥቶ ወፈር ያለውን መተካት በውጭው ዓለም ራሱን የቻለ ገበያ ነው። ግን የቱ ይገዛ? ለፊት ወይስ ለኋላ? ስንት ሚሊሜትር? ይህን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በሰዓት መቁጠሪያ ይመልሱ ከነበሩት ተወዳዳሪዎች አንዱ አሜሪካዊው ማርክ ዶናሁ ነው። የኛው የሜካኒካል ምህንድስና ሰው ስለሆነም ታሪኩን ማወቁ ለዲፓርትመንታችን ተማሪ አይከፋም።

ዶናሁ የተወለደው እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1937 በኒው ጀርሲ ግዛት ነው። ብራውን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1959 በሜካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። ገና ተማሪ ሳለ በ1957 ኮርቬቱ የዳገት ላይ ውድድር ገብቶ አሸንፏል። ከዚያ በኋላ በአማተር ውድድሮች ስሙ እየታወቀ መጣ። ዋልት ሃንስገን የተባለ አንጋፋ ተወዳዳሪ አይቶት በ1965 ሴብሪንግ ላይ ፌራሪ አብሮት እንዲነዳ አደረገ። ሃንስገን በ1966 ለማን ላይ በሙከራ ሲነዳ በደረሰበት አደጋ ሞተ። በዚያው ዓመት ዶናሁ ከሮጀር ፔንስኪ ጋር መሥራት ጀመረ፤ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜም አልተለያዩም።

አሁን ወደ ካማሮው እንምጣ። ትራንስ-አም የሚባለው ውድድር ሰው ከሱቅ ገዝቶ የሚነዳቸውን የመሰሉ መኪኖች የሚፎካከሩበት ነበር። ሸቭሮሌ ካማሮ ደግሞ ከባድ ሞተሩ ከፊት፣ ከኋላ ባሌስትራ ያለው፣ ሲሠራ ለውድድር ያልታሰበ መኪና ነው። በ1967 የፔንስኪ ቡድን ብዙ ተቸገረ። ክብደት ለመቀነስ ሲሉ የመኪናውን ቆርቆሮ አሲድ ውስጥ ነክረው እስከማሳሳት ደርሰዋል (ብልሃት ነው ብንልም ከደንቡ መንፈስ ጋር መጋጨቱ ግን አይካድም)። እኔን የሚገርመኝ ግን አሲዱ ሳይሆን ስኪድ ፓዱ ነው።

ስኪድ ፓድ ማለት ሰፊ አስፋልት ላይ የተሰመረ ክብ ነው። መኪናው በክቡ ላይ ጎማው መያዝ እስኪያቅተው ድረስ በተቻለው ፍጥነት ይዞራል፤ አንዱ ዙር የፈጀው ጊዜ ይለካል። ከዚያ ፊዚክስ አንድ ላይ የተማርነው ነው፦ የፍጥነቱ ካሬ ለሬዲየሱ ሲካፈል ወደ ጎን ያለውን አክስለሬሽን ይሰጣል። ለምሳሌ ያህል እኔ ላስላው፦ ሬዲየሱ 30 ሜትር ሆኖ አንድ ዙር 12 ሰከንድ ቢፈጅ ውጤቱ የመሬት ስበትን 0.84 እጅ ያህላል። ጊዜው ወደ 11.5 ከወረደ 0.91 ይሆናል። በቃ፣ ግማሽ ሰከንድ ማለት ይህን ያህል ነው። ዶናሁ ከካማሮው ጋር የሠራው እንዲህ ነበር፤ ስታብላይዘሩን ወይም ሞላውን ይቀይሩና እንደገና ያዞሩታል። ነጂው ተሻለኝ ቢል እንኳ ሰዓቱ ካልተስማማ ለውጡ ዋጋ የለውም።

ታዲያ ስታብላይዘሩ ምን ይሠራል? መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጪኛው ጎማ ይሻገራል። የሚሻገረውን ጠቅላላ ክብደት የሚወስኑት በዋናነት የመኪናው የክብደት ማዕከል ከፍታ፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀትና የመታጠፉ ጉልበት ናቸው፤ ዘንጉ ይህን እምብዛም አይለውጥም። የሚለውጠው ከሚሻገረው ውስጥ ስንቱ በፊት፣ ስንቱ በኋላ እንዲያልፍ ነው። ጎማ ደግሞ ጭነቱ እጥፍ ሲሆንበት አያያዙ እጥፍ አይሆንለትም። ስለዚህ የፊቱን ብቻ ስናወፍር ፊቱ አያያዝ ያጣና መሪውን ብናጠማዝዝም መኪናው ወደ ውጭ ይሄዳል። የኋላውን ብቻ ስናወፍር ጭራው ያመልጣል፤ በዝናብ ጊዜ፣ ልምድ በሌለው ሰው እጅ፣ ይሄኛው ይበልጥ አደገኛ ነው። መኪናው አለማጋደሉ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም ማለት ነው።

ውፍረቱንም በዓይን መገመት ያሳስታል። የዘንጉ ጥንካሬ ከዲያሜትሩ አራተኛ ፓወር ጋር ነው የሚያድገው፤ ከ22 ወደ 25 ሚሊሜትር መሄድ ትንሽ ይመስላል እንጂ ጥንካሬውን 67 በመቶ ይጨምራል። ውስጡ ክፍት የሆነውስ? ውጩ 25፣ ውስጡ 19 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ከድፍኑ ክብደት 42 በመቶውን ብቻ ይዞ 67 በመቶ ጥንካሬውን ይሰጣል። ጫፉ ላይ ብዙ ቀዳዳ ያለው ዘንግ ደግሞ ክንዱን በማስረዘምና በማሳጠር ስለሚስተካከል ለዶናሁ ዓይነቱ ሰው ምቹ ነው። የላላ ጎሚኒ ካለ ግን ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ዘንጉ መጠምዘዝ ከመጀመሩ በፊት ጎሚኒው ይለጠጣል። ደግሞም ዘንጉ በጣም ሲጠነክር አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውንም ይረብሸዋል፤ በእኛ መንገድ ይህን መርሳት አይገባም።

ለማንኛውም በ1968 ዶናሁ ከ13 የትራንስ-አም ውድድሮች 10ሩን በካማሮው አሸነፈ። በ1969ም ደገመው፤ በ1971 ደግሞ በኤ.ኤም.ሲ. ጃቭሊን። በ1972 በማክላረን መኪና ኢንዲያናፖሊስ 500ን አሸነፈ። በዚያው ዓመት የፖርሽን 917/10 ሲሞክር የኋላው አካል ተገንጥሎ ከባድ አደጋ ደረሰበት፤ እግሩ ተሰበረ። ሲመለስ ከፖርሽ መሐንዲሶች ጋር ያሳደጉት 917/30 ከ1000 የፈረስ ጉልበት በላይ ነበረው፤ በ1973 የካን-አም ሻምፒዮና ከ8 ውድድሮች 6ቱን ወሰደበት። ከዚያ ውድድር በቃኝ አለ። ግን አልሆነለትም፤ በ1974 በፔንስኪ ቡድን ፎርሙላ ዋን ተመልሶ ገባ። ከጸሐፊው ፖል ቫን ቫልከንበርግ ጋር ያዘጋጀው ዘ አንፌር አድቫንቴጅ የተባለው መጽሐፍ በ1975 ወጣ፤ የነዳቸውን መኪኖች አንድ በአንድ፣ የተሳሳተባቸውን ጭምር ሳይደብቅ ይተርካል።

ነሐሴ 9 ቀን 1975 በታላዴጋ ያንኑ 917/30 ይዞ በሰዓት 355.8 ኪሎሜትር ነድቶ ዝግ በሆነ መስመር የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ከስምንት ቀን በኋላ በኦስትሪያ ግራን ፕሪ ልምምድ ላይ መኪናው መስመሩን ስቶ ወጣ፤ ምክንያቱ የጎማ መፈንዳት ነው ተብሎ ይታመናል። አንድ የመስመር ሠራተኛ በአደጋው ሞተ። ዶናሁ መጀመሪያ ላይ ብዙም የተጎዳ አልመሰለም ነበር። በኋላ ግን ራሱን ያመው ጀመር፤ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ነሐሴ 19 ቀን በግራትስ ሆስፒታል በ38 ዓመቱ አረፈ። አባቱ በ1969 ያሸነፈውን የዴይቶና የ24 ሰዓት ውድድር ልጁ ዴቪድ ዶናሁ በ2009 በፖርሽ ሞተር በሚሠራ መኪና አሸንፏል።