ጎልዳ ሜየርና ሁለቱ የንስሐ ቀናት

የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጎልዳ ሜየር ሃይማኖተኛ አልነበሩም። ሆኖም የሕይወት ታሪካቸው ሲነሣ ሁለት ዮም ኪፑሮች አብረው ይነሣሉ። ቤተ እስራኤላውያን አስተሥርዮ የሚሉት ይህ የማስተሥረያ ቀን፣ አይሁድ ከምሽት እስከ ምሽት እህል ውኃ ሳይቀምሱ ኃጢአታቸውን የሚናዘዙበት ዕለት ነው።

ጎልዳ የአናጢ ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1898 ኪየቭ ተወልደው፣ በ1906 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ በ1921 ደግሞ ፍልስጤም ገቡ። በ1948 የእስራኤልን የነፃነት አዋጅ ከፈረሙት 37 ሰዎች መካከል ሴቶቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ አንዷ እሳቸው ነበሩ።

በዚያው ዓመት አዲሲቱን አገር ወክለው ሞስኮ ተላኩ። በስታሊን ዘመን ከውጭ ዲፕሎማት ጋር መታየት ለሶቪየት ዜጋ መዘዝ ነበረው። እንዲያም ሆኖ በአይሁድ አዲስ ዓመት ወደ ከተማዋ ትልቁ ምኩራብ ሲሄዱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከበባቸው። በዮም ኪፑርም ከጾመኛው ጋር እዚያው ዋሉ።

ሁለተኛው ዮም ኪፑር ኦክቶበር 6 ቀን 1973 የዋለው ነው። ገና ሳይነጋ፣ ጦርነት በዕለቱ እንደሚጀመር ለጠቅላይ ሚኒስትሯ ተነገራቸው። ቀድሞ የመምታቱን ሐሳብ አልተቀበሉም፤ ተጠባባቂው ጦር እንዲከት ግን ፈቀዱ። ከቀትር በኋላ ግብፅና ሶሪያ ጥቃት ሲከፍቱ ተጠባባቂው ከየቤቱና ከየምኩራቡ ገና እየተጠራ ነበር። እስራኤል ከ2,500 በላይ ወታደሮች አጣች።

በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በሺሞን አግራናት የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በኤፕሪል 1974 ጊዜያዊ ሪፖርቱን አወጣ። ጥፋቱን በጦር አዛዦች ላይ ጥሎ ጎልዳን ከተጠያቂነት ነፃ አደረገ። ከግንባር የተመለሱ ወታደሮችና የሟች ቤተሰቦች ቁጣ ግን አልበረደም። ሪፖርቱ ከወጣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጎልዳ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። በ1975 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው፣ በዋዜማው ልባቸው እየጠረጠረ ክተት ባለማዘዛቸው ጸጸቱ ዕድሜ ልካቸውን እንደማይለቃቸው ጻፉ። ያረፉት ዲሴምበር 8 ቀን 1978 ነው።

የአይሁድ ሕግ እንደሚለው ዮም ኪፑር በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን በደል ያስተሠርያል፤ ሰው በሰው ላይ የፈጸመው በደል ግን ተበዳዩ ካልተካሰ አይሰረይም። አጣሪ ኮሚሽን ጥፋተኛውን ሊለይ ይችላል፤ ልጇን የቀበረችን እናት ወክሎ ይቅር ማለት ግን አይቻለውም። ጎልዳ የሕዝብ ቁጣ ገፍቷቸውም ቢሆን ይህን ልዩነት ተገንዝበዋል። ባለሥልጣን ሁሉ በሪፖርት ነፃ በወጣ ማግስት ሊያስበው የሚገባውም ይኸው ነው።